ማታ ብሩሹን ማን ይያዘው?

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክፍያም ስለ ፈተናም አይደለም። ስለ ልጆቻችሁ ጥርስ ነው።

በቅርቡ አንዲት መምህርት አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይዛ ቢሮዬ መጣች። «ትምህርት አይከታተልም፣ ዴስኩ ላይ ይተኛል» አለችኝ። ልጁ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ቆሟል። በርከክ ብዬ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። መልስ ከመስጠቱ በፊት ፊቱን ቋጠር አድርጎ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ «ማታ አላስተኛኝም» አለ። አፉን ሲከፍትልኝ ታች ያለው አንዱ የመንጋጋ ጥርሱ መሃሉ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ዙሪያው ያለው ድድ አብጧል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው ያደረ ልጅ ነበር።

እናቱ ሲመጡ በጣም ደነገጡ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል ብዬ እኮ ነው የተውኩት» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ይህንኑ ቃል ከስንት ወላጅ ሰምቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 514 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች የወተት ጥርሳቸው ተቦርቡሮ ሳይታከም እንደሚኖሩ ገልጿል። እናትየው ብቻቸውን አይደሉም።

የወተት ጥርስ ይወድቃል፣ እውነት ነው። ግን መቼ? የፊቶቹ 6 ወይም 7 ዓመት አካባቢ ይነቃነቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ድረስ አሉ። በ7 ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ ያለው ልጅ ገና ለዓመታት ሊያኝክበት ነው። ደግሞም የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ያለጊዜው ከተነቀለ አጠገቡ ያሉት ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ቋሚው ሲመጣ ቦታ ያጣና ተጣሞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። 6 ዓመት አካባቢ፣ ከመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች ኋላ፣ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጡ ማንም ልብ አይላቸውም። እነዚህ ግን ቋሚ ናቸው። ሌላ ተተኪ የላቸውም። ላያቸው ስንጥቅ ስንጥቅ ስለሆነ ምግብ ይሰገሰግባቸዋል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ በስልካችሁ መብራት ወደ ኋላ ገባ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ግማሽ የወጣ ነጭ ጫፍ ካያችሁ፣ ያ ጥርስ ከልጃችሁ ጋር ሊያረጅ የመጣ ነው።

ጥርስ እንዴት ነው የሚቦረቦረው? አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉን፣ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከቀመስን በኋላ አሲዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ምራቅ ያረግበዋል፤ የጠፋውን ማዕድንም በጥቂቱ ይመልሳል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ስንት ጊዜ የሚለው ይበልጣል። ከምሳ ጋር አንድ ከረሜላ የበላ ልጅ ጥርሱ የሚጠቃው አንዴ ነው። ያንኑ ያህል ጣፋጭ ከሰዓቱን ሙሉ እየቆነጠረ የሚበላ ልጅ ግን ምራቁ ፋታ አያገኝም። ጁስ በኮዳ ይዞ ቀኑን ሙሉ ጎንጨት የሚልም እንዲሁ ነው። ጣፋጭ ጨርሶ ይከልከል አልልም። ከምግብ ጋር ይሁንና ይለቅ። በመሃል የጠማው ልጅ ውኃ ይጠጣ።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ስንተኛ ምራቃችን በጣም ይቀንሳል። ያ ሁሉ ማጠብና ማርገብ ይቆማል። ጥርስ ላይ ተጣብቆ ያደረ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን ይሠራል። ለዚህ ነው ጠዋት መቦረሽ ጥሩ ሆኖ ሳለ ማታው ይበልጣል የምለው። ከቦረሸ በኋላ ውኃ ብቻ። ብስኩትም፣ ወተትም፣ ጁስም የለም። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደግሞ ጡጦ አፉ ውስጥ ከታችሁ አታስተኙት። የፊት ጥርሶች ገና በሁለት ዓመታቸው ከሚያልቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ግን ማን ይቦርሽለት? በራሴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ እያለች ማታ ማታ «ቦርሸሻል?» እላታለሁ። «አዎ» ትላለች። በዚሁ ያልፋል። አንድ ማታ የራሴን ብሩሽ ሳነሳ የሷን በጣቴ ነካሁት። ደረቅ ነበር። በማግስቱም ነካሁት፤ ደረቅ ነበር። ልጄን ውሸታም ብዬ አልተቆጣኋትም። የስድስት ዓመት ልጅ ደክሟታል፣ መተኛት ትፈልጋለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አብሬያት መቆም ሲገባኝ ከሶፋ ላይ ሆኜ እጠይቃት ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ብሩሹን እኔ ያዝኩት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ የልጅ እጅ ገና አልጠነከረም፤ የኋላ መንጋጋው ጋ አይደርስም። እሱ ይጀምር፣ እናንተ ጨርሱ። ከኋላው ቁሙ። ጭንቅላቱን ደረታችሁ ላይ ያስደግፍ። በአንድ እጃችሁ ጉንጩን ገለጥ አድርጉ። ብሩሹን ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጋደም አድርጋችሁ በቀስታ አሽከርክሩ። ውጪውን፣ ውስጡን፣ ከዚያ የሚታኘክበትን። ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ስትቆጥሩት ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ ወይም የሚወደውን መዝሙር ዘምሩለት። ድዱ ትንሽ ቢደማ አትደንግጡ፣ መቦረሹንም አታቁሙ። ብዙ ጊዜ ድድ የሚደማው ቆሻሻ ስለተጠራቀመበት ነው፤ በደንብ ሲጸዳ በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። ካልተሻለው ግን ሐኪም ይየው።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን ያለው ይሁን። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሙላት አያስፈልግም። ሲጨርስ ይትፋው እንጂ በውኃ ደጋግሞ አይጉመጥመጥ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ቢቆይ ነው የሚጠቅመው። ብሩሹን በየ3 ወሩ፣ ጸጉሩ ከተንጨፈረረ ደግሞ ከዚያም በፊት ቀይሩ።

ድዱ ጠርዝ ላይ ድንገት ነጣ ያለች፣ ኖራ የመሰለች ነጠብጣብ ካያችሁ በጊዜ ደርሳችኋል። ያ የመቦርቦር መጀመሪያ ነው። ገና ቀዳዳ አልሆነም። በፍሎራይድና በጥንቃቄ ሊመለስ ይችላል። ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን ኢናሜል መልሶ አይበቅልም፤ ሐኪሙ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ሳያመው ውሰዱት። ደግሞ አደራ፣ «አርፈህ ካልተቀመጥክ ጥርስ ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ» አትበሉ። በዚህ ቃል ያስፈራራነው ልጅ ሲያመው ይደብቀናል። ከላይ ያነሳሁት ልጅም ሕመሙን ለእናቱ አልተናገረም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፣ ልጆች ስለሚሮጡና ስለሚወድቁ። ቋሚ ጥርስ ተመትቶ ከነሥሩ ቢወጣ አትጣሉት። ነጩን ክፍል ያዙ፤ ሥሩን አትንኩ። ከቆሸሸ ለአጭር ጊዜ በወተት ወይም በውኃ ለቅለቅ አድርጉና ወደ ቦታው መልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከታችሁ ወዲያውኑ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሳችሁ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሳችሁ አትክተቱት፤ ከሥር ያለውን ሊጎዳ ይችላል።

በእኛ በኩል ልጆች በእረፍት ሰዓት የሚጠጡት ውኃ እንዲሆን፣ መምህራንም ለሽልማት ከረሜላ እንዳይሰጡ ተስማምተናል። የልደት ኬክ ስታመጡም ከምሳ ጋር እንዲሆን መምህሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩት።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ ጥርሱን የሚያመው ከሆነ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ከሆነ ወይም ሕክምና ላይ ከሆነ በዚህ ደብዳቤ ጀርባ ሁለት መስመር ጻፉና እስከ ዓርብ ድረስ ለክፍል ኃላፊው ላኩልን። ዴስኩ ላይ ራሱን ሲደፋ ለምን እንደሆነ እንወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር