ማሊያ የቀየርኩት በሽንፈት አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዋሽንግተን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት በንዴት ነው። ጸሐፊው ዋሽንግተንን ትተው ወደ ጎረቤቱ የባልቲሞር ቡድን የገቡትን የእኛን ሰዎች «ተገለባባጭ» ይላቸዋል። የዋሽንግተን ኳርተርባክ የነበረውን ሮበርት ግሪፈንን ደግሞ «ራሱን በራሱ የጣለ» ይለዋል። ከተገለባባጮቹ አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ መልስ ልስጥ።

መጀመሪያ አንዲት እርማት። ግሪፈን በ2012ቱ ድራፍት አንደኛ ተመራጭ አልነበረም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንደኛው ወደ ኢንዲያናፖሊስ የሄደው አንድሩ ላክ ነው፤ ግሪፈን ሁለተኛ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ያቺን ሁለተኛ ተራ ለማግኘት ዋሽንግተን ለሴንት ሉዊስ ራምስ የሰጠው ቀላል አይደለም። የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ሰጠ፤ ምራቂ ደግሞ አንድ የሁለተኛ ዙር። ድራፍት ማለት ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት ነው። ተራህን ሰጠህ ማለት ለዘር ያስቀመጥከውን እህል በላህ ማለት ነው። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወደ ደቡብ ስነዳ ዋሽንግተን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስነዳ ባልቲሞር። ከአገሬ የወጣሁት የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኜ ነው። እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ አቅፈው የሚሯሯጡበትን ጨዋታ ለምን ፉትቦል እንደሚሉት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎች ናቸው። ከኤርፖርት እስከ ቤታቸው ድረስ ስለ ድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም ያወሩኛል። ደጋፊው ሲዘል መቀመጫው አብሮ ይዘል እንደነበር። የዋሽንግተኑ ዳግ ዊሊያምስ በ1988 ዴንቨርን 42 ለ 10 ሲረመርም ከጨዋታው አራት ሩብ በአንዱ ብቻ 35 ነጥብ እንደገባ። ሱፐርቦውል፣ የዓመቱን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቀየራል። እኔም ሳላስበው ደጋፊ ሆንኩ።

ኳርተርባክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ሹፌሩ ነው። መሪው እሱ እጅ ላይ ነው፤ ኳሷ በእያንዳንዱ ጨዋታ በእሱ በኩል ታልፋለች። አደጋ ሲደርስም መጀመሪያ የሚመታው ሹፌሩ ነው።

ግሪፈን ሲመጣ ከተማው አበደ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ኒው ኦርሊንስ ሄዶ 40 ለ 32 አሸነፈ። ሚኒሶታ ላይ 76 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር ታክሲዬን አቁሜ ነው ያዳመጥኩት፤ ተሳፋሪውም «ቆጣሪው ይሂድ፣ አትንዳ» ያለኝ ነው። በታንክስጊቪንግ ቀን ዳላስን በሜዳው አራት ተችዳውን (የእነሱ ጎል ነው) ወርውሮ አሸነፈው። ታክሲ ተራው ላይ የግሪፈንን ቅጽል ስም «አር ጂ ስሪ» ማለት ከብዶን «ሮቤል» አልነው። ሮቤል የእኛ ሰፈር ልጅ መሰለን። ቡድኑ ሦስት አሸንፎ ስድስት ተሸንፎ ከነበረበት ተነስቶ ሰባት ተከታታይ አሸነፈ፤ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም የምድቡ አንደኛ ሆነ። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። 10 ቁጥር ማሊያ ገዛሁለት። ለብሷት ነበር የሚተኛው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከባልቲሞር ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ሃሎቲ ንጋታ የሚባል ተራራ የሚያክል የባልቲሞር ተጫዋች ቀኝ ጉልበቱ ላይ ወደቀበት። ተንኮል አልነበረበትም። ጨዋታው እንደዚያ ነው። አንድ ሳምንት አረፈ፤ ተመለሰ። ከዚያ ጃንዋሪ 6፣ 2013፣ የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ጨዋታው ቀን መጣ። እሑድ ነበር። የገና ዋዜማ።

የቀኑን ነገር አልረሳውም። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለብን። ጓደኛዬ ቤት ተሰበሰብን። ወጥ ቤት ውስጥ የነገው ዶሮ እየተሠራ ነው። ሽንኩርቱ ቤቱን አውዶታል፤ እኛ ጾመኞች ነን፤ መቅመስ የለም። የጓደኛዬ እናት ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ስለ ጨዋታው የሚያውቁት ነገር የለም። ነጭ ማን እንደሆነ፣ ቀይ ማን እንደሆነ እንኳ አልነገርናቸውም።

ዋሽንግተን ሲያትልን በመጀመሪያው ሩብ 14 ለ 0 መራ። እየዘለልን ነው። ግን በዚያው ሩብ ሮቤል ወደ ጎን እየሮጠ ሲወረውር ጉልበቱ ከዳው። ተነሣ። የሁለተኛዋን ተችዳውን ኳስ በዚያው እግሩ ወረወረ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሲሮጥ ያነክሳል። ሲወረውር እግሩን አይተክልም፤ ኳሷ ትንሳፈፋለች። እኛ «አይዞህ ሮቤል» እንላለን። እማማ ግን ከጥግ ሆነው «ኧረ ይህን ልጅ አስቀምጡት! እግሩን አሞታል እኮ!» አሉ። ሳቅንባቸው። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። «እናት የለውም? አስቀምጡት!»

አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን አላስቀመጠውም። ልጁ «ያመኛል እንጂ አልተጎዳሁም» ብሎ አሳምኖኛል አለ በኋላ። ልጁ ያኔ 22 ዓመቱ ነው። የ22 ዓመት ልጅ፣ በዚያ ጨዋታ፣ በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት «አስቀምጡኝ» ይላል? ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ኳሷ ዝቅ ብላ መጣችበት። ሊያነሣት ዞር ሲል ጉልበቱ እንደ ማጠፊያ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ማንም አልነካውም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የድስቱ ድምፅ ብቻ ነው። 24 ለ 14 ተሸነፍን። ሁለት የጉልበት ጅማት ተጎድቶ ኦፕራሲዮን ተደረገ። የሜዳው ሣር የተበላሸ እንደነበር ማንም ያየው ነው። የሲያትሉ ክሪስ ክሌመንስም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ላይ የጉልበቱን ጅማት በጥሷል። እማማም እስኪመለሱ ድረስ ስለዚያ ልጅ እግር ይጠይቁን ነበር።

ጸሐፊያችሁ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎት፣ «ከጉዳት በኋላ ትዕቢት አጠፋው» ይላል። እሺ፣ ጥፋት የለበትም አልልም። ኳሷን አብዝቶ ይይዝ ነበር። እየሮጠ ተንሸራቶ መቀመጥ ሲገባው ገብቶ ይጋጭ ነበር። ሳይድን «ለመጀመሪያው ሳምንት እደርሳለሁ» የሚል ማስታወቂያ ሠራ፤ ደረሰም፤ መድረስ አልነበረበትም። ከአሰልጣኙ ጋር ተቃቃረ። በ2013 ቡድኑ ሦስት አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ሻናሃን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አስቀመጠው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? ለጤናው። ጤናው ያኔ ትዝ አለው! እማማ ይህን በ11 ወር ቀድመው ተናግረውት ነበር።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በ2012 ስሙን ለልጆቻቸው ሊያወጡ የነበሩ ሰዎች በ2014 ታክሲዬ ውስጥ ሲያወርዱበት ሰምቻለሁ። አንዳንዶቹ ያው ሰዎች ናቸው።

እኔ የቀየርኩበትን ቀን በደንብ አውቀዋለሁ። ዲሴምበር 7፣ 2014 ነው። ራምስ ወደ ዋሽንግተን ሜዳ፣ ወደ ላንዶቨር መጡ። ከጨዋታ በፊት ሳንቲም ሲጣል ከሁለቱም ወገን አምበሎች ይወጣሉ። ከራምስ በኩል ስድስት ወጡ። ስድስቱም በሮቤል ምትክ ከተገኘው ምርጫ የመጡ ተጫዋቾች ናቸው። አሰልጣኙ ጄፍ ፊሸር ሆን ብሎ ነው ያወጣቸው። ስድብ ከሆነ እንዲህ ያማረ ስድብ አይቼ አላውቅም። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ «አባዬ፣ ለምን በዙ?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ሮቤል የት አለ?» አለ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር የጀመረው። 24 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ 10 ቁጥሯን ለብሶ አልተኛም።

ሽንፈቱ አይደለም ያስመረረኝ። የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኖ ያደገ ሰው ሽንፈት አያውቅም የሚሉ የቡና ልጆች አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል፤ እሱን ሌላ ቀን። ያስመረረኝ ያን ያህል ከፍለው ያመጡትን ልጅ እንደ ኪራይ መኪና መንዳታቸው ነው። የራሱ መኪና የሆነ ሰው ድምፅ ሲሰማ ያቆማል። በ2015 ሌላው ኳርተርባክ ኪርክ ከዝንስ ቋሚ ሆነ፤ ሮቤል ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይገባ አለቀ። በ2016 ለቀቁት። ከዝንስም ቢሆን በተመሳሳይ ድራፍት በአራተኛ ዙር የመጣ ነው፤ እሱንም በ2018 ለሚኒሶታ ሸኙት።

እና ባልቲሞር ገባን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ባላዎቹን መንገዱ ራሱ ተክሎለታል። ጸሐፊው «ጉልበቱን የሰበረው ቡድን ጋ ሄዱ» ብሎ ይቀልዳል። ይቀልድ። ግን አንድ ነገር ረስቷል። በ2018 ሮቤል ራሱ ባልቲሞር መጣ! ቀድመን ደርሰን ጠበቅነው። 3 ቁጥር ለብሶ የቋሚው ኳርተርባክ የላማር ጃክሰን ተጠባባቂ ሆነ። በ2019 መጨረሻ ላማር ሲያርፍ ገብቶ ፒትስበርግን 28 ለ 10 አሸነፈ። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ይመስክር።

ጃንዋሪ 2023 ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ልክ አሥር ዓመት በኋላ፣ ያው ወር፣ ያው ፕሌይኦፍ፣ እንደገና የጉልበት ጅማት። የአሁኑ ባለጉልበት ላማር ነው። ጉልበቴ አልጸናልኝም ብሎ ተናገረ፤ አልገባም። ሲንሲናቲ 24 ለ 17 አሸነፈን። በላማር ላይ ያልተባለ ነገር የለም። ፈሪ ነው፣ ኮንትራቱን ነው የሚያስበው፣ እግሩን ጎትቶም ቢሆን መግባት ነበረበት። የእኛ ሰዎችም ብለዋል፤ ጸሐፊያችሁም ምናልባት ብሏል። በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ላማር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተሸለመ። ሁለተኛው ነበር። እኔ በሲያትሉ ጨዋታ የታጠፈውን ያን ጉልበት ባላየው ኖሮ ላማርን ከሚሰድቡት አንዱ እሆን ነበር።

ከዋሽንግተን ጋር የቀሩትን አከብራለሁ። እውነቴን ነው። ባለቤቱ ዳን ስናይደር ቡድኑን በ2023 እስኪሸጥ ድረስ የቻሉትን እኔ አልቻልኩም። ስሙ ሁለቴ ሲቀየር እንኳ አልተነቃነቁም። በ2024 አዲሱ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንየልስ መጥቶ ቺካጎ ላይ በመጨረሻው ሰከንድ ያቺን ረጅም ኳስ ሲወረውር ደስታው የእነሱ ነበር፤ ይገባቸዋል። «አሁንስ አትመለስም?» የሚሉኝ አሉ። ዳንየልስም እንደ ሮቤል ሁለተኛ ተመራጭ ነው፤ እንደ ሮቤል የሃይዝማን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ተሸላሚ ነው፤ እንደ ሮቤል ቀጭን ነው፤ እንደ ሮቤል ይሮጣል። አልመለስም። ልቤ አይችልም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሁለቱ ቡድኖች ባልቲሞር ተገናኙ። ልጄ ከኮሌጅ መጥቶ ነበር። የባልቲሞርን ወይን ጠጅ ማሊያ ለብሷል። አብረን አየን። ፉትቦል ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ኳርተርባክ እየሮጠ በእግሩ ተንሸራቶ ከተቀመጠ መምታት ክልክል ነው። ዳንየልስ ኳሷን ይዞ ወጣ። የእኛ ተከላካዮች ከሁለት በኩል እየመጡበት ነው። እኔ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ።

«ተቀመጥ! ኧረ ተቀመጥ አንተ ልጅ!»

ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ እሱ እኮ የእነሱ ነው።»

30 ለ 23 አሸነፍን።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የታክሲ ሹፌር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ