እማዬ፣ በመውደቅሽ አይደለም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ባሕር ዳር እግዜር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ታናሼ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ያልገባሽን ትድገምልሽ።

የኤምአርአዩ ውጤት መጣ። ሐኪሙ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አሳየኝ። ወገቤ ላይ ሕብለ ሰረሰሬ፣ ማለትም በአከርካሪዬ ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ለሁለት ተከፍሏል፤ መሐሉ ላይ ትንሽ አጥንት በቅሏል። ከወገቤ በላይ ያለው ጸጉር፣ የቀጠነው ግራ እግሬ፣ ሽንቴ የሚያመልጠኝ ነገር፣ ሁሉም ከዚያው የመጣ ነው።

አሁን ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። «የስድስት ወር እርጉዝ ሆኜ ቡና ተሸክሜ ዘጌ ዳርቻው ላይ ወደቅሁ፤ ልጄን የጎዳኋት እኔ ነኝ።» ይህን ስትዪ ነው ያደግሁት። ለንስሐ አባትሽ ሳይቀር ነግረሻቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። በፍጹም አይደለም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽንስ ሲጀምር ጀርባው ላይ ስስ ንጣፍ አለ። ጎንና ጎኑ ይነሣና ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል። አንጎልም ሕብለ ሰረሰርም የሚሠሩት ከዚያ ነው። ቱቦው ተዘግቶ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። የእኔም ስንጥቅ የተጀመረው በዚያው በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ያኔ የምስር ፍሬ አላክልም፤ አንቺም ማርገዝሽን በወጉ አላወቅሽም። የወደቅሽው ከዚያ ወራት ቆይቶ ነው እማዬ። ቡዳም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። ሴቶች ላይ ግን ይበዛል።

ልጅ ሲያድግ አከርካሪው ከሕብለ ሰረሰሩ ይበልጥ ይረዝማል። የሌላው ሰው ሕብለ ሰረሰር ሸርተት እያለ ወደ ላይ ይቀራል፤ የእኔን አጥንቱ ይዞ ይወጥረዋል። በቀዶ ሕክምና አጥንቱን አውጥተው ይለቁታል። ሕመሙ እንዲቀንስና ከዚህ እንዳይብስ ነው። የቀጠነው እግር ግን እንዳለ ይቆያል፤ ይህንንም ሳልደብቅሽ።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። አዲስ ጫማ በተገዛ ቁጥር በግራው ጫፍ ጨርቅ ትጠቀጥቂ ነበር። ጣትሽን አስገብተሽ ስፌቱን ትዳስሺና «ይቆረቁርሻል?» ትዪኛለሽ። የሳቁብኝን ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ተቆጥተሻል። ያሳደገኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የወንድሜ ሚስት ልጅ እየፈለገች ነው አሉ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ኪኒን ካሁኑ ትጀምር በያት፤ ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። በይበልጥ የሚከላከለው ጀርባው ሳይዘጋ የሚወለደውን ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ከእኔ የከፋ ነው። አርግዣለሁ ብላ ጤና ጣቢያ እስክትሄድ ከተጠበቀ ቱቦው ተዘግቶ ያልቃል። ጎመኑም ምስሩም ደግ ነው፣ ኪኒኑን ግን አይተካም። የእኔንም ነገር ለሐኪም ትንገር፤ መጠኑን እሱ ይወስንላታል። ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች።

ለንስሐ አባትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ንስሐ የሚያስገባ ነገር የለበትም።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ እደውላለሁ። ወንድሜ ጀልባ ላይ ያሳፍርሽ፣ እኔ ወደቡ ላይ እቀበልሻለሁ።

ልጅሽ