ለአብሮ አደጌ፦ ስለ አባቶቻችን የኮርያ ዘመቻ

ጎንደር፣ አራዳ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ነገር ከአንተ በቀር ለማንም የማይጻፍ ነው።

የአባቴን የቃኘው ዘማችነት አርማ ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ አየሁት። ፊቱ ደብዝዟል፤ ከጀርባው ግን ከዘመቻ ሲመለሱ እዚሁ ጎንደር አንድ አንጥረኛ የቀረጸላቸው ስማቸውና የሻምበላቸው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በደርግ ጊዜ የኮርያ ዘማቾች ከኮሚኒስት ጋር ተዋግተዋል ተብለው በክፉ ዓይን ሲታዩ፣ አባቴ በጨርቅ ጠቅልለው ጤፍ ከሞላ ጎታ ውስጥ እንደቀበሩት እናቴ ይናገራሉ። ልጆቼ እናስወልውለው ቢሉኝም ጽሑፉ እንዳይፋቅ ብዬ ከለከልኳቸው።

አያታችን ኮርያ ምን ሊሠሩ ሄዱ ብለው ሲጠይቁኝም የማውቀውን ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወሩ ሳያልቅ ፑሳን ደረሰ፤ ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋርም ተሰለፈ። ሌሎቹ ሻለቆች እየተተኩ፣ ተኩስ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ከ120 በላይ ወታደሮቻችን ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ከሁሉ አብልጦ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሌሊት ለቅኝት ወጥቶ የወደቀ ጓድ ካለ አስከሬኑን ሳይዙ አይመለሱም ነበርና።

አባቴ ስለ ውጊያው ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር፤ ስለዚያ ሸክም ግን ይናገሩ ነበር። በረዶ በሸፈነው ቁልቁለት ሁለቱ አስከሬኑን ይዘው፣ ሁለቱ ከኋላ እየተኮሱ ሲወርዱ፣ የሟቹ ክንድ ደርቆ የአባቴን ቀበቶ ይይዝባቸው ነበር። ከኋላ ይከላከሉ ከነበሩት አንዱ አባትህ እንደነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደጋግመው አጫውተውኛል። የዚያን ሟች ስም ግን አንድም ቀን ከአፋቸው አልሰማሁትም።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። አባትህ ስሙን ነግረውህ እንደሆነ፣ ወይም ከወረቀቶቻቸው መካከል የሻምበሉ ዝርዝር ካለ፣ ፈልገህ ጻፍልኝ። ካጣህም አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ወዳለው የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄደህ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ጠይቅልኝ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷልና ባትዘገይ ደስ ይለኛል። የአባቴን አርማ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ቁጥሩን አይተው ሊያስታውሱ ይችላሉ።

ለእናትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አብሮ አደግህ