የልጅ መንጋጋ ሲያብጥ፣ ጥርስ ከመንቀል በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዳማ ውስጥ የልጅ መንጋጋ ሲያብጥ ብዙ ቤተሰብ የጥርስ መግል ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ይገዛል። መግል ያማል፣ ያተኩሳል፤ ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ቀስ ብሎ አጥንቱን ያሰፋል። የአካባቢያችን ውሃ ፍሎራይድም ጥርስ ያበልዛል እንጂ መንጋጋ አያሳብጥም። አንድ ዙር መድኃኒት አልቆ እብጠቱ ካልጎደለ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ሙሉ የመንጋጋ ራጅ ይነሳ።

ባልደረቦቻችንን አጥብቀን የምንለምነው ለምርመራ ከእብጠቱ ስለሚወሰድ ናሙና ነው። አጥንት ውስጥ ያለ ክፍተት ከመከፈቱ በፊት በመርፌ ይሳብ፤ ቀይ ደም እየገፋ ከመጣ የደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል እዚያው መቁረጥ ሕይወት ያጠፋል። ናሙናው በመጠኑ አሥር እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ይቀመጥ። በውሃ የተላከ ናሙና ይበላሻል፣ ልጁም ዳግም ይቆረጣል። ውጤቱ ጃያንት ሴል (ግዙፍ ሕዋሳት ያሉበት እብጠት) ካለ ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ሳይለካ ወደ ቀዶ ጥገና አይገባ፤ መነሻው ይህን ሆርሞን የሚያመነጨው አንገት ውስጥ ያለው የፓራታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ይችላልና። አሜሎብላስቶማ የተባለው የመንጋጋ ዕጢ ከዓመታት በኋላም ስለሚመለስ ክትትሉ ቢያንስ 10 ዓመት ይሁን።

በቀናት ውስጥ እያደገ ጥርስ የሚያነቃንቅ እብጠት ግን በርኪት ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ቀጠሮ አይሰጠው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላክ።

የአፍና የመንጋጋ ሕክምና ባለሙያዎች፣ አዳማ