የባቡሩ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?
የታሪክና ዲፕሎማሲ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

የታሪክ ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የአድዋ በዓል ሲደርስ ግጥም የሚያነብ ይመስለዋል። ግጥሙንም አንብበናል። ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ የያዝነው ጥያቄ ሌላ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያ ባቡሯን፣ ገንዘቧንና የንግድ መብቷን እንዴት አስመለሰች? ለ10ኛ ክፍል ልጆች ይከብዳል ያላችሁኝ ባልደረቦች ነበራችሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተም ጭምር ነው።

ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገቡም አገሩ ወዲያው የራሳችን አልሆነም። ጥር 23 ቀን 1934 በተፈረመው ውል እንግሊዝ የገንዘብ እርዳታ ትሰጣለች። የጅቡቲው ባቡር ግን በጦሯ ቁጥጥር ሥር ይቆያል። መልእክተኛዋም ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ይቀድማል። ገበያው ላይ ከማርያ ትሬዛው ጠገራ ብር ጎን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ገንዘብ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞር ነበር። ባቡሩ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ቡናህም ቆዳህም ወደብ የሚደርሰው በሰው ፈቃድ ነው። ልጆቹ ይህ ቶሎ ነው የገባቸው።

የሚጥመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ይልማ ደሬሳ በ1935 አሜሪካ ድረስ ሄደው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአገራቸውን ጉዳይ አስረዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከአሜሪካ ጋር የእርዳታ ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ የምታንኳኳው ሌላ በር እንዳላት ታየ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 በተፈረመው ሁለተኛ ውል የእንግሊዙ መልእክተኛ ቅድሚያ ቀረ። እንግሊዝ ባቡሩን ለመልቀቅም ተስማማች። ኦጋዴን ግን ገና በእጇ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 የራሳችን ብር ወጣ፤ የሃምሳ ሳንቲሙ መሥሪያ የብር ማዕድን የተገኘው ከአሜሪካ ነው። አሜሪካም ቢሆን ጥቅሟን አልረሳችም። ሲንክሌር የተባለው ኩባንያዋ ነዳጅ የመፈለግ መብት አግኝቷል። ልጆቹ ይህንንም እንዲያዩት ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ስብሰባችን ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነበር። ሁለት የጥያቄና መልስ ውድድርና አንድ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅተናል። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤ ላይ አለ።

አሁን ስለ ግንቦቱ ጉዞ ልንገራችሁ። አውቶቡስ ስላልተፈቀደልን ከፒያሳ እስከ ለገሃር በእግራችን ወረድን። ቸርችል ጎዳና ላይ አንዲት ዝምተኛ ልጃችን ድንገት ቆመች። «ቲቸር፣ ባቡሩን የያዙብን ሰዎች መሪ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጣሊያንን ለማስወጣት አብሮን የተዋጋውም የእሱ ጦር እንደነበር ነገርኳት። ሁለቱም እውነት ነው። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችውና መንገዷን ቀጠለች።

ለገሃር የአንበሳው ሐውልት አጠገብ ቆመን የ1937ቱን ድርድር በተውኔት ሠራነው። አንዱ ልጅ የእንግሊዝ ልዑካን መሪ ሎርድ ደ ላ ዋርን ሆነ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ የእኛን ወገን ያዘች። እሱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ባቡሩ ለጦሩ እንደሚያስፈልግ እየደረደረ ነበር። እሷ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ መሐረብ አወጣች። ውስጡ የአያቷ የብር ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፤ በግእዝ ቁጥር የተጻፈው ፲፱፻፴፮ ግን ይነበባል። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና «ጌታዬ፣ ይህ በማን ባቡር ነው አገሬ የሚገባው?» አለችው። ወረቀታቸው ላይ እንዲህ የሚል መስመር የለም። ልጁ የሚመልሰው ጠፋው፤ ሳንቲሙን እያየ ቀረ። ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ያዩን ነበር። 15 ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ቀን እንባ የተናነቀኝ ጊዜ የለም።

ያልተሳካልንም አለ። ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ዳር የተዛወሩ አባሎቻችን ትራንስፖርት እያመለጣቸው ቀርተዋል። የቆዩ ሰነዶችን ለማየት ለአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈን መልስ አላገኘንም። ክፍላችንን ከሚኒ ሚዲያ ጋር ስለምንጋራ እነሱ ሲቀርጹ እኛ ኮሪደር ላይ እንሰበሰባለን። በዓመቱ መጀመሪያ የጠየቅነው ሁለት ደስጣ ወረቀት ነበር። አንዱ የደረሰን ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሌላውን እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው። ለእግር ኳሱ ማሊያ መገዛቱን እደግፋለሁ። የእኛም ልጆች ግን የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቺው ልጅ የክበቡ ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች። የምትጀምረው ጳጉሜን 2 ቀን 1943 ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል ነው። ወላጆች፣ ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ሳንቲም፣ የባቡር ትኬት ወይም የቆየ ነጋሪት ጋዜጣ ካለ ሐሙስ ይዛችሁልን ኑ። ፎቶ አንስተን በዚያው ቀን እንመልሳለን።