ኑዛዜሽን ከመጻፍሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? በስልክ ያነሳሽውን የኑዛዜ ነገር በጽሑፍ የምመልስልሽ፣ በቃል ብነግርሽ ግማሹን ስለምትረሺው ነው። ለማን ምን እንደምትተዪ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው። ኑዛዜ ፍርድ ቤት ደርሶ ሲፈርስ ብዙ ጊዜ የተናዛዡ ሐሳብ ስለተጠላ ሳይሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለጎደለችበት ነው።

በመጀመሪያ የራስሽ የሆነውን ለዪ። ቤቱ የተገዛው ከተጋባችሁ በኋላ ስለሆነ፣ ካርታው ላይ ያንቺ ስም ብቻ ቢኖርም የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል። ልትናዘዢበት የምትችዪው ግማሹን ብቻ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረሽ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘሽው ግን የግልሽ ነው፤ ማስረጃውን ከኑዛዜው ጋር አያይዢው። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት በራሱ ሕግ ስለሚመራ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቂ ኑዛዜ ውስጥ አታስገቢው። የሕይወት መድንና ጡረታ ደግሞ መንገዳቸው ሌላ ነው። መድን ላይ ተጠቃሚ ተብሎ ስሙ የተጻፈው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ከውርሱ ውጪ ነው፤ ስለዚህ የመድን ፖሊሲሽ ላይ የማን ስም እንዳለ ዛሬውኑ እዪ።

ብዙ ሰው ሲነግሩት የማያምነው ነገር አለ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስት እርስ በርስ ሕጋዊ ወራሾች አይደሉም። ያለ ኑዛዜ ብትሞቺ ባለቤትሽ የጋራውን ግማሽ በራሱ ድርሻነት ይይዛል፤ ያንቺ ግማሽ ግን ለልጆችሽ በእኩል ይተላለፋል (አንቀጽ 842)። ሴት ወንድ፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ አይባልም። ለባለቤትሽ ማሰብ ከፈለግሽ በስም ጠቅሰሽ መጻፍ አለብሽ። እኔ የምመርጠው ባለቤትነቱን ለልጆች፣ ዕድሜ ልኩን በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመውሰድ የአላባ መብቱን ለእሱ መተው ነው። ማንም ከቤት አይወጣም፤ ልጆቹም ድርሻቸውን አያጡም።

ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት አትናዘዙ። ፍቅር ይመስላል እንጂ ሕጉ ፈራሽ ያደርገዋል (አንቀጽ 858)። እሱም የራሱን፣ አንቺም የራስሽን።

አሁን ወደ አጻጻፉ። ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ነው። የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚትነትና ለጥቃቅን ስጦታ ብቻ ስለሆነ ቤት አይተላለፍበትም። በራስሽ እጅ የምትጽፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንቺ ጽሕፈት መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና በየገጹ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ምስክር አያስፈልገውም፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በ7 ዓመት ውስጥ ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል (አንቀጽ 903)። መሳቢያ ውስጥ 10 ዓመት የተኛ ኑዛዜ ባዶ ወረቀት ነው ማለት ነው።

ላንቺ የምመክርሽ በግልጽ የሚደረገውን ነው (አንቀጽ 881)። አንቺ ራስሽ ወይም አንቺ እየተናገርሽ ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ ከዚያ ባንቺና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያው አምስታችሁም ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። እዚህ ላይ ነው ጠበቃ ያልጠየቀ ሰው የሚሳሳተው፤ አራቱን ጎረቤት ጠርቶ ያስፈርማል፣ መነበቡን ግን ወረቀቱ ላይ አያሰፍርም። ቢነበብም ካልተጻፈ እንዳልተነበበ ነው። ስለዚህ ከፊርማው በላይ ይህን አስጽፊ፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ በ… ቀን … ዓ.ም. በተናዛዧና ስማችን ከዚህ በታች በተጠቀሰው አራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ተናዛዧ ቃሌ ነው ብላ ፈርማለች፤ እኛም ፈርመናል።» አንዱ ምስክር በማግስቱ መጥቶ ልፈርም ቢል እንቢ በዪ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገኙ። ኑዛዜው የሚጠቅመው ሰው፣ የትዳር ጓደኛውም ቢሆን፣ ምስክር አይሁን። ስሕተት ከተገኘ ሰርዞ መደለዝ ቀርቶ እንደ አዲስ ይጻፍ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ማስመዝገቡ ቢያደክምም ድካሙ በኋላ ከሚመጣው ክርክር ያንሳል።

ለልጆች ስታካፍዪ ሒሳብ ሥሪ። ውርሱ 8 ሚሊዮን ብር ቢሆንና ልጆቹ ሁለት ቢሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ 4 ሚሊዮን ነው። አንዱ ከ3 ሚሊዮን በታች ከደረሰው፣ ማለት ከድርሻው ከሩብ በላይ ከጎደለበት፣ ክፍፍሉን ለመቃወም በር ይከፈትለታል። ልጅን ከውርስ መንቀል ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዝም ብሎ ስሙን መተው መንቀል አይደለም። ኑዛዜውን ከጻፍሽ በኋላ ልጅ ከወለድሽም አዲስ ጻፊ፤ የተወለደው ልጅ ውርሱን ሲቀበል የቀደሙት ስጦታዎች ሊወድቁ ይችላሉና።

አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ስለ ትረስት ያወራሽ ነገር እዚህም ስሙ አለ፤ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ያሉትን አንብቢ። አንድ የተወሰነ ንብረት ለይተሽ በኑዛዜ ወይም በስጦታ ለባለአደራ ትሰጪና እሱ በመመሪያሽ መሠረት ለልጆቹ ጥቅም ያስተዳድረዋል። ለምሳሌ የኮንዶሚኒየሙ ኪራይ ትንሹ ልጅ 25 ዓመት እስኪሞላው ለትምህርቱ ይዋል ማለት ትችያለሽ። ብዙም ያልተለመደ አሠራር ስለሆነ ግን ባለአደራው ማን እንደሆነ፣ እሱ ቢሞት ማን እንደሚተካው፣ ለማን ሒሳብ እንደሚያቀርብና መቼ እንደሚያበቃ አንድም ሳይቀር ይጻፍ። ወንድምሽ እዚያ ያዋቀረው ትረስት አዲስ አበባ ያለውን ቤቱን ያስተላልፍልኛል ብሎ እንዳይዘናጋ ንገሪው፤ እዚህ ላለው ቤት በእኛ ሕግ የተሠራ ኑዛዜ ይኑረው። ለኔ የሰጠኝ ውክልናም እሱ በሕይወት እስካለ ብቻ ነው የሚሠራው። ውክልና በሞት ያበቃል፤ በሟች ውክልና ቤት መሸጥ መዘዙ ብዙ ነው።

«ለምን አሁኑኑ በስጦታ አላስተላልፍም?» ብለሽኛል። ይቻላል፣ ግን የሰጡትን ማስመለስ ከባድ ነው፤ ኑዛዜን ግን በፈለግሽ ቀን ትለውጫለሽ። በዚያ ላይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም እንደ ግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም (አንቀጽ 2443)። ከምስክርና ከማንበብ አያድንሽም።

ውርስ አጣሪ፣ ማለት ዕዳሽን ከፍሎ ንብረቱን ለወራሾች የሚያስረክብ ሰው፣ በስም ሹሚ፤ ተጨማሪ አንድ ተተኪም ጥቀሺ። የባንክ ሒሳቦችሽን ከነቅርንጫፋቸው፣ ያበደርሽውንና የተበደርሽውን ዘርዝሪ፤ ዕዳ ከስጦታ በፊት ይከፈላልና። ተዝካር እንዲወጣልሽ የምትፈልጊ ከሆነ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን ጻፊ፣ ወንድምና እህት በዚህ ተጣልተው አይተናል።

ዋናውን ቅጂ በሰነዶች ማረጋገጫ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ አስቀምጪ። የኑዛዜ ይዘት የሚረጋገጠው በዋናው ወይም በአስቀማጩ በተረጋገጠ ግልባጭ ነው፤ ተራ ፎቶ ኮፒ አያወጣሽም። የመዝገቡን ቁጥር ለባለቤትሽና ለአጣሪው ስጪ። ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ሲሄዱ ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር ይዘውት የሚቀርቡት እሱን ነው። ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ምስክሮቹን ከመጥራትሽ በፊት አነብልሻለሁ።

አባትሽ