ተቆራርጦ ስለተላለፈ ድራማ የቀረበ ቅሬታ

ለጣቢያው የፕሮግራም ክፍል

ጉዳዩ፦ «ስዊኒ ቶድ» የተሰኘው ድራማ ሙሉውን በድጋሚ እንዲተላለፍ ስለመጠየቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበውንና ሬይ ዊንስተን በመሪ ተዋናይነት የሚጫወትበትን «ስዊኒ ቶድ» አስተላልፋችኋል። በየወሩ ከፍዬ የማየው ደንበኛችሁ ነኝ፤ በሥራው ላይ የተፈጸመው ግን አሳዝኖኛል፣ አናድዶኛልም።

ድራማውን ቀደም ሲል ሙሉውን ስላየሁት የጎደለውን አውቃለሁ። ቶድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በልጅነቱ ባልፈጸመው ወንጀል ኒውጌት እስር ቤት ተጥሎ ብዙ መከራ አይቷል። አንድ ቀን ጢሙን ሊላጭ የመጣው ደንበኛ የዚያው እስር ቤት ጠባቂ ሆኖ ይገኛል። ቶድ ምላጭ ይዟል፤ የሰውየው አንገት ከፊቱ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የምንለው ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ አለ። እናንተ ግን ሰውየው ገና እንደተቀመጠ የሳሙና ማስታወቂያ አስገባችሁ። ስንመለስ ጠባቂው ሞቷል። ማን እንደነበረና ለምን እንደተገደለ ያላየ ተመልካች ከዚያ በኋላ የሚያየው እርድ ብቻ ነው።

በዚሁ በቶድ ታሪክ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1979 የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ የቀረበው ሙዚቃዊ ተውኔት ቢሆን ኖሮ፣ የቶድ ቂም በግፍ በፈረደበት ዳኛ ላይ ስለሆነ አንድ ትዕይንት ቢጎድልም ታሪኩ ሳይፈርስ ይቀጥል ነበር። በዚህ ድራማ ግን የበቀሉ ሥር እስር ቤቱ ነው። በአንጻሩ የሟቾቹ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ ለበላተኛ የሚቀርብበት ክፍል ሳይነካ ተላልፏል፤ ያውም ልጆች ቤት በሚውሉበት ሰዓት፣ ያለ አንዳች የዕድሜ ገደብ ማሳሰቢያ። ግድያውን ትቶ ምክንያቱን መቁረጥ ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው?

ደውዬ ስጠይቅ «ዋናው ነገር አልተነካም» ተባልሁ። በበቀል ታሪክ ውስጥ በደሉ ዋናው ነገር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

በማስተዋወቂያችሁ ላይ ደግሞ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ብላችኋል። ይህም ስህተት ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 ለንደን ውስጥ በርካሽ ዋጋ በየሳምንቱ በሚሸጥ መጽሔት በተከታታይ የወጣ ልብ ወለድ ነው፤ የቶድ ሱቅ ይገኝበታል የተባለው የለንደኑ ፍሊት ስትሪት ጎዳና እውነተኛ ቢሆንም፣ እዚያ እንዲህ ያለ ፀጉር አስተካካይ ተከስሶ መቀጣቱን የሚያሳይ የፍርድ ቤት መዝገብ አልተገኘም።

ስለዚህ ድራማው ሳይቆረጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ከዕድሜ ገደብ ማሳሰቢያ ጋር በድጋሚ እንዲተላለፍ፣ የተሳሳተው መግለጫም በዚያው ስርጭት ላይ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ማስታወቂያ ማስገባት ግድ ከሆነባችሁ በትዕይንቶች መካከል አስገቡት። ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ